ወተትና ውሃን የሚለየው ወፍ
(በሂንዱ እምነት ውስጥ የወፎችና የንጽሕና ምሳሌነት)



ወፍ በብዙ ሕዝቦች እምነት ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ይዛ ትገኛለች። እኛ ርግብ ሲባል ወዲያው ኖኅና የወይራው ቅጠል ትዝ ይሉናል። በሕንድ አገር ደግሞ ንጽሕና ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው ሌላ ወፍ ነው። ይህን አጭር ጥናት ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንድ ትንሽ ሥዕል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱን አባት በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነታቸው ዘመን ሒሳብ ያስተማሯቸው ሕንዳዊ መምህር ነበሩ። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ማገልገላቸው የሚታወቅ ነው። እኚህም መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለተማሪያቸው አንዲት የካርቶን ሥዕል ሰጧቸው። ሥዕሏ እስከ ዛሬ በመጽሐፍ መካከል ተቀምጣ ቆይታ በልጃቸው በኩል ወደ መኝታ ክፍላችን መጣች። ነጭ የለበሰች ሴት ከነጭ ወፍ ጋር ተቀምጣለች። አራት እጆች አሏት። በሁለቱ የክር መሣሪያ ትመታለች፤ በቀሩት ሁለት እጆቿ መጽሐፍና መቁጠሪያ ይዛለች።

ታዲያ ሥዕሏ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ክርክር ተነሣ። አንዱ «ወፏ ለጌጥ ነው የገባችው» አለ። ሌላው «የለም፣ ነጭ የሆነችው ንጽሕናን ለማሳየት ነው» አለ። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ አላበቃም። በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስናገላብጥ ግን ሁለቱም መልሶች ጎደሎ ሆነው አገኘናቸው። ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሴቲቱ ማን ናት? ወፉስ?

በሥዕሉ ላይ ያለችው ሳራስቫቲ ትባላለች። በሂንዱ እምነት የዕውቀት፣ የንግግርና የሙዚቃ አምላክ ናት። በየዓመቱ በጥር ወይም በየካቲት ገደማ በሚውለው የቫሳንት ፓንቻሚ በዓል በተለይ በቤንጋል ክፍለ አገር ተማሪዎች መጽሐፋቸውንና ብዕራቸውን በምስሏ ፊት ያኖራሉ። ሕፃናትም በዚያ ቀን በትልቅ ሰው እጅ እየተመሩ የመጀመሪያ ፊደላቸውን ይጽፋሉ። እንግዲህ ሕንዳዊው መምህር ለተማሪያቸው ይህችን ሥዕል መስጠታቸው ያለ ነገር እንዳልሆነ ገባን።

ወፉ በሳንስክሪት ቋንቋ «ሐምሳ» ይባላል። የሒሳብ ክፍል ጓደኞቻችን እንዳይስቁብን! ከእኛ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ድምፁ ብቻ ነው የገጠመው። ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስዋን የተባለውን አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ አስመስለው ይሥሉታል። ጉዳዩን ያጠኑ ሊቃውንት ግን ሐምሳ በጥንቱ አነጋገር በተለይ ዝይ እንደ ነበረ ያስረዳሉ። ዣን ፊሊፕ ፎኸል የተባሉ የኔዘርላንድ ሊቅ ስለዚሁ ዝይ በሕንድ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ጥበብ ውስጥ ስላለው ስፍራ የጻፉት አንድ ሙሉ መጽሐፍ በ1962 ታትሟል።

በሕንድ አገር ዛሬም የሚታይ አንድ ዝይ አለ። ራሱ ነጭ ሆኖ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት፤ ገላው ግራጫ ነው። በጋውን በቲቤትና በሞንጎልያ ደጋ ላይ ይፈለፍላል፤ ክረምቱን በሕንድ ሜዳ ላይ ያሳልፋል። በመካከሉ የሂማላያ ተራሮች አሉ። ይህ ዝይ ከ7000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲበር በመሣሪያ ተመዝግቧል። የሕንድ ባለ ቅኔዎችም ሐምሳ ዝናብ ሲመጣ ሜዳውን ትቶ በካይላሽ ተራራ ግርጌ ወደሚገኘው ወደ ማናሳሮቫር ሐይቅ እንደሚሄድ ሲናገሩ ኖረዋል። ይህ ሐይቅ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሲሆን ውሃው ከሁሉ የጠራ ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ከጭቃማው የሜዳ ኩሬ ተነሥቶ፣ ማንም ሊያልፈው የማይችለውን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጠራው ውሃ የሚሄድ ወፍ ማየት የነፍስን ጉዞ ቢያሳስባቸው ምን ይገርማል? ሽቬታሽቫታራ የተባለው ኡፓኒሻድ ነፍስን በታላቁ የፍጥረት መንኮራኩር ውስጥ በሚንከራተት ሐምሳ ይመስላታል።

2. ወተትና ውሃ

ስለ ሐምሳ ከሚነገረው ሁሉ የበለጠ የታወቀው ይህ ነው፦ ወተትና ውሃ ተቀላቅሎ ቢቀርብለት ወተቱን ብቻ ጠጥቶ ውሃውን ይተወዋል ይባላል።

እዚህ ላይ የሳይንስ ክፍል ጓደኞቻችን «ይህማ አይሆንም» እንደሚሉ እናውቃለን። ልክ ናቸው። ማንኛውም ዝይ ይህን ማድረግ አይችልም። በውሃ የቀጠነ ወተት የገዛ ሰው ሁሉ መለየቱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይመሰክራል። አንዳንድ ሊቃውንት የተረቱን መነሻ ሲፈልጉ ወፉ በውሃ ውስጥ የሚቆርጠው የሎተስ ግንድ ወተት የሚመስል ነጭ ፈሳሽ ስላለው ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም ብለዋል። የዝይና የዳክዬ መንቆር ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው መሆኑም ሰው «ያጣራል» እንዲል ሳያደርገው አልቀረም።

ለእምነቱ ተከታዮች ግን ዋናው ነገር ምሳሌው ነው። ይህን ችሎታ «ቪቬካ» ይሉታል፤ ለይቶ ማወቅ ማለት ነው። ዘላለማዊውን ከአላፊው፣ እውነቱን ከሚመስለው ነገር መለየት። ልብ እንበል! ወፉ የተከበረው ነጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ለይቶ ስለሚያውቅ ነው። የመኝታ ክፍላችን ክርክር የተበላሸው እዚህ ላይ ነበር፤ ሁላችንም ቀለሙን እንጂ መንቆሩን አላየንም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከላባው የተወሰደ ነው። የውሃ ወፍ ቀኑን ሙሉ ኩሬ ውስጥ ውሎ ሲወጣ ራሱን አራግፎ ደረቅ ሆኖ ይሄዳል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በጭራው ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣውን ቅባት በመንቆሩ እየወሰደ ላባውን ይቀባል፤ የላባውም አሠራር ውሃን ያንሸራትታል። የሂንዱ መምህራን ከዚህ ተነሥተው ጻድቅ ሰው ከዓለም ሳይሸሽ በዓለም ውስጥ እየኖረ ዓለም የማይጣበቅበት ነው ብለው ያስተምራሉ። በዚህ ትምህርት መሠረት ንጹሕ የሚባለው ኩሬው ውስጥ የማይገባው ሳይሆን ገብቶ የማይርሰው ነው።

3. ወፉ በእስትንፋስ ውስጥ

የዮጋ መጻሕፍት ከዚህ አልፈው ሐምሳ በእያንዳንዱ ሰው እስትንፋስ ውስጥ አለ ይላሉ። አየር ሲወጣና ሲገባ «ሐም» እና «ሳ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ይህም ሲደጋገም ተገልብጦ «ሶሐም» ይሆናል፤ ትርጉሙም «እኔ እርሱ ነኝ» ማለት ነው ይላሉ። ሰው ይህን ጸሎት ሳያውቀው በቀንና በሌሊት 21,600 ጊዜ ይጸልያል ብለው ቆጥረዋል።

እኛም ቁጥሩን ፈተሽነው። 21,600 ለ24 ሰዓት ሲካፈል 900 ይሆናል፤ 900 ለ60 ደቂቃ ሲካፈል 15 ይሆናል። በእረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ትልቅ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል እንደሚተነፍስ በባዮሎጂ ተምረናል። እንግዲህ የጥንቶቹ ሰዎች ያለ ሰዓት የደረሱበት ቁጥር የሚናቅ አይደለም። ከእምነቱ አንጻር ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፦ ወፉ በካህኑም በጠራጊውም ደረት ውስጥ እኩል አለ ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

4. ሁለቱ ነጫጭ ወፎች

ነጭነት ብቻውን ንጽሕና ቢሆን ኖሮ ሳቢሳም ቅዱስ በሆነ ነበር። ሳቢሳ ነጭ ነው፤ በውሃ ዳር በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ፣ አንገቱን ሰብሮ ሲታይ ጾም ላይ ያለ ባሕታዊ ይመስላል። ዓሣ ብቅ ሲል ግን ባሕታዊነቱ ያበቃል! በሂንዲ ቋንቋ አስመሳይ ሃይማኖተኛን «ባጉላ ባጋት» ይሉታል፤ ሳቢሳው ምእመን እንደ ማለት ነው።

ፓንቻታንትራ በተባለው ጥንታዊ የተረት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ያረጀ ሳቢሳ አለ። ኩሬው ሊደርቅ ነው ብሎ ዓሦቹን ያስፈራራቸዋል። ከዚያም «አንድ በአንድ ወደ ትልቅ ሐይቅ ልውሰዳችሁ» እያለ በዓለት ላይ ይበላቸዋል። በመጨረሻ ሸርጣኑን ሲወስድ ሸርጣኑ የዓሦቹን አጥንት ክምር አይቶ ነገሩ ገባውና አንገቱን በጉጠቱ ቆረጠው። በተረቱ ውስጥ ለይቶ ያወቀው ማን ነው? ነጩ ወፍ ሳይሆን ጭቃ ውስጥ የሚኖረው ሸርጣን ነው።

5. ያልነጡት ወፎች

ከዚህ ቀጥለን «ርኩስ» የሚባሉትን ወፎች እንመልከት። ቁራ በሕንድም እንደ ብዙ አገር ጥሩ ስም የለውም። ነገር ግን ፒትሩ ፓክሻ በሚባለው የሙታን መታሰቢያ ወቅት ለሟች አባቶች ከተዘጋጀው ምግብ ለቁራ ይሰጣል። ቁራው መጥቶ ከበላ አባቶች ተቀበሉ ተብሎ ይታመናል። ካልመጣ ቤተ ሰቡ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይጨነቃል። በሌላ ቀን በድንጋይ የሚባረረው ወፍ በዚያን ቀን ተለምኖ ይመጣል ማለት ነው።

የጥምብ አንሣውም ነገር እንዲሁ ነው። ጥምብ አንሣ በድን ስለሚበላ ከሁሉ የረከሰ ሊባል ይችል ነበር። ነገር ግን በራማያና ውስጥ ራቫና ሲታን ጠልፎ ሲያመልጥ በመንገድ ላይ ገጥሞ የተዋጋው ጃታዩ የተባለው ያረጀ ጥምብ አንሣ ነው። ክንፉ ተቆርጦ ወደቀ። ራማ ሲደርስ የሆነውን ነግሮት ሞተ። ራማም ልጅ ለአባቱ የሚያደርገውን የቀብር ሥርዓት አደረገለት። የንጉሥ ልጅ ለጥምብ አንሣ! እንግዲህ በዚሁ እምነት ታሪክ ውስጥ ክብር የሚገኘው በላባ ቀለምና በምግብ ዓይነት ሳይሆን በሥራ መሆኑን የሚያሳይ ምስክር አለ።

6. የወፉን ስም የተሸከሙ ሰዎች

ከፍተኛ የመንፈስ ደረጃ ላይ ደርሷል የሚባል ባሕታዊ «ፓራማሐምሳ» የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል፤ የሐምሳዎች ሁሉ የበላይ ማለት ነው። በዚህ ስም የታወቁት ራማክሪሽና ፓራማሐምሳ (ከ1836 እስከ 1886) ናቸው። በቤንጋል መንደር ተወልደው በካልካታ አጠገብ በዳክሺኔሽቫር የካሊ ቤተ መቅደስ አገልግለዋል።

ስለ ልጅነታቸው የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆናቸው እንደ ፈንድሻ የፈነዳ ሩዝ በቅርጫት ይዘው እየቆረጠሙ በሩዝ ማሳ ድንበር ላይ ይሄዱ ነበር። ቀና ሲሉ ሰማዩን ጥቁር የዝናብ ደመና ሸፍኖታል። በዚያ ጥቁር ደመና ፊት ነጫጭ ወፎች ተሰልፈው አለፉ። ሕፃኑ በውበቱ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሩዙም ተበተነ። ሰዎች ተሸክመው ወደ ቤቱ ወሰዱት። በሕይወታቸው የመጀመሪያው መንፈሳዊ ተመስጦ ይህ ነበር ይባላል።

ደቀ መዝሙራቸው ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1897 የራማክሪሽና ሚሽንን መሠረቱ። የዚህ ማኅበር አርማ ዛሬም በማዕበል ላይ የሚንሳፈፍ ሐምሳ፣ የሎተስ አበባ፣ የምትወጣ ፀሐይና ሁሉን የከበበ እባብ ነው። ማዕበሉ ሥራን፣ ሎተሱ ፍቅርንና አምልኮን፣ ፀሐይቱ ዕውቀትን፣ እባቡ ዮጋን ያመለክታሉ፤ ሐምሳውም የሁሉ የበላይ የሆነውን መንፈስ ያመለክታል።

ወፉ ከሕንድም ወጥቷል። በ1920 ወደ አሜሪካ ሄደው ያስተማሩት ዮጋናንዳ በ1935 ይህንኑ የፓራማሐምሳ ማዕረግ ከመምህራቸው ተቀብለዋል። በ1930ዎቹ በሲንድ ተጀምሮ በ1950 ወደ ማውንት አቡ የተዛወረው ብራህማ ኩማሪስ የተባለው ማኅበርም አባላቱን «ቅዱሳን ሐምሳዎች ሁኑ፤ ሳቢሳ አትሁኑ» የሚል ትምህርት ያስተምራል። አባላቱ ነጭ ይለብሳሉ፤ ሐምሳ ጠጠር ትቶ ዕንቁ እንደሚለቅም ሁሉ የሰውን ጉድለት ትተው በጎውን እንዲለቅሙ ይመከራሉ።

7. ንጽሕና ሰውን ሲለይ

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የጥናት ጽሑፍ አንዱን ገጽ አሳይቶ ሌላውን መሸፈን የለበትም። በዚያው በሕንድ አገር የንጽሕና አስተሳሰብ ወተትን ከውሃ ሳይሆን ሰውን ከሰው ሲለይበት ኖሯል። ቆዳ የሚሠሩ፣ መንገድ የሚጠርጉ፣ በድን የሚያነሡ ሰዎች «የማይነኩ» ተብለው ከምንጭ፣ ከቤተ መቅደስና ከትምህርት ቤት ተከለከሉ።

በ1891 የተወለዱት ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር ከነዚህ ወገን ነበሩ። በልጅነታቸው ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ተለይተው የሚቀመጡበትን የጆንያ ቁራጭ ከቤታቸው ይዘው ይመጡ ነበር። ሲጠማቸው የውሃውን ዕቃ መንካት አይፈቀድላቸውም፤ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ከላይ ያንቆረቁርላቸዋል። ተላላኪው ከሌለ ውሃ የለም። ሰውዬው አድገው በ1927 በማሃድ ከተማ ብዙ ሺህ ሕዝብ መርተው ከከተማው ኩሬ በእጃቸው ውሃ ጠጡ። ከዚያ በኋላ ኩሬው «ረክሷል» ተብሎ የማንጻት ሥርዓት ተደረገበት! በ1950 ሥራ ላይ የዋለውን የሕንድ ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት እኚሁ ሰው ናቸው። አንቀጽ 17 «የማይነካ ሰው» ማለትን ሽሯል። ሕጉ ቢወጣም ልማዱ ከየመንደሩ ጨርሶ አልጠፋም።

ከመምህራንም አንዲት ሴት እንጥቀስ። ሳቪትሪባይ ፉሌ በ1848 ከባለቤቷ ጋር በፑኔ ከተማ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ወደ ሥራዋ ስትሄድ ሰዎች ጭቃና እበት ይወረውሩባት ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ልብስ ይዛ ትሄድና ትምህርት ቤት ስትደርስ ትቀይር እንደ ነበር ይተረካል። እስቲ እንጠይቅ፤ በዚያ መንገድ ላይ ንጹሕ ማን ነበር? ነጭ ለብሶ እበት የወረወረው ወይስ እበት ለብሳ ፊደል ልታስቆጥር የሄደችው?

ራማክሪሽናም በዚህ ረገድ መልስ አላቸው። ቪቬካናንዳ ስለ መምህራቸው ሲናገሩ እንደ ተረኩት፣ እኚህ የካህናት ዘር በሌሊት ሰው ሲተኛ «የማይነካ» ወደሚባል ሰው ቤት ገብተው የቆሸሸውን ስፍራ በገዛ ረጅም ጠጉራቸው ጠርገዋል። ቀን ቢሆን ሰውዬው ራሱ አይፈቅድላቸውም ነበር። የሐምሳዎች የበላይ የተባሉት ሰው ንጽሕናቸውን የፈለጉት እዚያ ነው። በክፍል 3 የጠቀስነው የእስትንፋሱ ወፍ በሁሉም ደረት ውስጥ ካለ ከዚህ ሌላ መደምደሚያ ሊኖረው አይችልም።

8. ለእኛ የሚሆነው

«ይህ የሕንድ ጉዳይ ነው» ብለን ልንዘጋው ነበር። አልሆነልንም። አንደኛ ደረጃ ስንማር የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነች አንዲት ልጅ ከእኛ ጋር ነበረች። እሷ ስትቀመጥ እኛ በአግዳሚው ላይ ፈቀቅ እንል ነበር። በጣሳ ውሃ ስትጠጣ ጣሳውን አጥበን ነበር የምንጠጣው፤ እናቷ የሠራችውን እንስራ ግን ቤታችን ውስጥ አስቀምጠን እንጠጣበት ነበር። መምህራችን ያዩ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጅቷ በዓመቱ አጋማሽ ቀረች። ለምን ቀረች ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ነገ እኛ በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንቆማለን። ልጆች ፈቀቅ ሲሉ የምናየው እኛ ነን። በሥዕሏ ላይ ያለው ወፍ የመምህር ሥራ ምን እንደሆነ ያሳየናል፤ የሚለየው ትክክለኛው ከስሕተቱ፣ ዕውቀቱ ከአሉባልታው ነው፤ ልጅ ከልጅ አይደለም። ሥዕሏን አሁን በመኝታ ክፍላችን በር ጀርባ ለጥፈናታል። የጓደኛችን አባት ፈቅደዋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሐምሳና ሳቢሳ ሁለቱም ነጫጭ ናቸው። የሂንዱ ትውፊት በምን ለያቸው?
2. ወተትና ውሃን የመለየት ተረት በሳይንስ እውነት ባይሆንም ለማስተማሪያነት ሊያገለግል ይችላል? እንዴት?
3. በተግባር ልምምድ ላይ ሳላችሁ ልጆች ከአንድ ልጅ ፈቀቅ ሲሉ ብታዩ በዚያች ደቂቃ ምን ታደርጋላችሁ? በማግሥቱስ?
4. በየአካባቢያችሁ ስለ ወፎች የሚነገረውን አሰባስባችሁ ለሚቀጥለው የግድግዳ ጋዜጣ አቅርቡ።